ለጉዞ ሥዕል፦ የውሃ ቀለም ወይስ አክሪሊክ?

ፒያሳ ስቱዲዮ ያለው ሠዓሊ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ በመኪና ሲወርድ የውሃ ቀለም ቢይዝ ይሻለዋል፦ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት፣ ትንሽ የቀለም ሳጥን፣ ሁለት ብሩሽ። ከዚያ የሳሳ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል። ሲመለስ በመስታወት ፍሬም ማስደረግ ግድ ነው፤ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን የካርቶን ጠርዝ ይግባ፣ አለዚያ እርጥበት ይዞ ይሻግታል።

አክሪሊክ (ከፕላስቲክ ሙጫ የሚሠራ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) በሸራ ላይ መስታወት አይፈልግም፤ ፀሐይንም በተሻለ ይችላል። ጣጣው መንገድ ላይ ነው። የቦረና ሙቀት ቀለሙን ገና ሳህኑ ላይ ያደርቀዋል፤ የደረቀ የሚመስል ሸራም ተጠቅልሎ ሲሞቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የተቀባውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ፣ የመጋገሪያ ወረቀት ደርቦ፣ በሰፊ ቱቦ ላይ መጠቅለል ነው። አጥፎ ሻንጣ ውስጥ መክተትማ አይታሰብ፤ የእጥፋቱ መስመር አይለቅም።