ቤዝ ጊታር ልትገዙ ያሰባችሁ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ

ሰላም የቤዝ ወዳጆች። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ "ኦርጅናል ፌንደር ጃዝ ቤዝ፣ ኢኤምጂ አክቲቭ፣ ከዲሲ የመጣ" እየተባለ የሚለጠፈውን ሰንበርስት (ዳሩ የሚጠቁር ቀለም ያለው) ቤዝ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል (ፌንደር የአሜሪካ ጊታር ሰሪ ነው፣ ጃዝ ቤዝ አንዱ ሞዴሉ ነው፣ ኢኤምጂ አክቲቭ ደግሞ በባትሪ የሚሰራ ፒክአፕ ነው፣ ፒክአፕ ማለት ከክሩ ስር ሆኖ ድምፁን የሚይዘው እቃ)፣ እባካችሁ እንዳትገዙት። እኔ ለጓደኞቼና ለሚያውቁኝ ሙዚቀኞች ጊታርና ቤዝ ከፍቼ ዋየሪንግ (የውስጥ ገመዱን) አስተካክላለሁ፣ ከዚሁ ሰው የተገዙ ቤዞች አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ ነው፣ ሆዳቸው ሲከፈት ያለው ጉድ ደግሞ አንድ አይነት ነው። የሻጩን ስም አልጽፍም፣ ስሙንም ስልኩንም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም፣ የሚያድናችሁ እቃውን ማወቅ ነው።

በቅርቡ ያመጣልኝ ልጅ ሰርግ ላይ የሚጫወት ጀማሪ ነው። 140,000 ብር ከፍሏል፣ ግማሹ የእናቱ እቁብ ነው፣ ልጄ እንጀራ ይብላበት ብለው እጣው ሲወጣላቸው ሳይነኩ የሰጡት። እኔ ጋ ሲመጣ ደግሞ ተበላሁ ብሎ አይደለም፣ "ጋሼ፣ ከባንዱ ጋር ስጫወት ቤዜ አይሰማም፣ አጨዋወቴ ይሆን እንዴ?" ብሎ ነው። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ሰውየው ብሩን ብቻ አይደለም የወሰደበት፣ ልጁ በራሱ ጣት ላይ እምነት እንዲያጣ አድርጎታል።

አምፕ ላይ ሰካሁት። የኔኩን (ወደ አንገቱ የቀረበውን) ፒክአፕ ብቻ ስከፍት ድምፅ አለ፣ የብሪጁን (ክሩ ከታች ወደሚታሰርበት የቀረበውን) ብቻ ስከፍት እሱም አለ፣ ሁለቱን ቮልዩም ሙሉ ስከፍት ግን ወፍራሙ ድምፅ ብን ብሎ ጠፋ፣ በአፍንጫ የሚወጣ የመሰለ ቀጭን ነገር ብቻ ቀረ፣ እምምም የሚለው ሀሙ ደግሞ ባሰበት። ይሄ አውት ኦፍ ፌዝ ነው፣ ማለትም የሁለቱ ፒክአፕ ድምፅ እርስ በርሱ ይቃረናል፣ የአንዱ ፒክአፕ ሁለት ገመዶች ተገላብጠው ነው የተበየዱት።

ነገሩን በደንብ ልንገራችሁ ምክንያቱም ሙሉ ማጭበርበሪያው እዚህ ጋ ነው ያለው። ጃዝ ቤዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ፒክአፖች ነጠላ ኮይል (አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያላቸው) ናቸው፣ አንዱን ብቻ ስትከፍቱት ሀም ያደርጋል፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ምርጡ ፌንደርም ያደርገዋል፣ ስለዚህ እሱን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ። ግን አንዱ ከሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጠመጠምና ማግኔቱም ስለሚገለበጥ ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ሀሙ ይጣፋል። ገመዱ ከተገለበጠ ተቃራኒው ይሆናል፣ የክሩ ድምፅ ተጣፍቶ ሀሙ ይደመራል። ሌላም አለ፣ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ሀሙ ግን አልቀንስ ካለ ፒክአፖቹ ጥንድ አይደሉም ማለት ነው፣ ሁለት አንድ አይነት ፒክአፕ ኔኩም ብሪጁም ጋ ተጭኗል፣ ከዚህ ሰው ቤዞች ውስጥ እንዲህ የሆነም አጋጥሞኛል።

ሻጩ ይሄን በደንብ ያውቃል። እንዴት ታውቃለህ ካላችሁኝ፣ የገዙት ሁሉ ሲያሳያቸው እንዴት እንዳሳያቸው ሲነግሩኝ ታሪኩ አንድ ነው፣ ሁሌ አንዱን ቮልዩም ዘግቶ፣ በትንሽ የመለማመጃ አምፕ፣ እሱ ራሱ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየደበደቡ መጫወት) እየመታ ነው። ትንሽ አምፕ ላይ የታችኛው ድምፅ ቢጎድልም ማን ይለየዋል? ሁለቱንም ክፈትልኝ ላለው አንድ ልጅ ደግሞ "ጃኮ ፓስቶሪየስም በብሪጅ ፒክአፕ ነው የሚጫወተው" አለው አሉ። ታዋቂው አሜሪካዊ ቤዚስት ጃኮ የብሪጁን ፒክአፕ ይወድ ነበር እውነት ነው፣ ግን ወዶ መርጦ ነው እንጂ ሌላው አልሰራ ብሎት አይደለም።

አሁን ወደ "ኢኤምጂ አክቲቭ" የሚባለው ልምጣ። የልጁን ቤዝ ከኋላ ስከፍተው 9 ቮልት ባትሪ አለ፣ ከባትሪው የሚወጣው ቀይና ጥቁር ገመድ ሄዶ ሄዶ አንዲት ትንሽ መብራት ላይ ያልቃል። በቃ። ከፒክአፑም ኬብሉ ከሚሰካበት ጃክም ጋር ግንኙነት የለውም፣ ስራው ቀይ መብራት ማብራት ነው። ፒክአፑን ስገለብጠው ላዩ ላይ ኢኤምጂ የሚል ጥቁር ክዳን፣ ስሩ ተራ ኮይልና የተለጠፈ ማግኔት ነው፣ እውነተኛው ኢኤምጂ በኢፖክሲ የተደፈነ ስለሆነ ኮይሉ አይታይም። ፖቶቹም (ከቮልዩም ቁልፎቹ ስር ያሉት) 250 ኪሎ ኦም ናቸው፣ ኢኤምጂ የሚሰራው በ25 ነው። ደግሞ እውነተኛ ኢኤምጂ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ፒክአፕ ለብቻውም ሀም ባላደረገ ነበር።

ይሄን ለማወቅ ቤዙን መክፈትም አያስፈልግም። ባትሪውን ንቀሉትና ምቱት። ኢኤምጂ ያለ ባትሪ ትንፍሽ አይልም፣ ድምፁ እንደነበረው ከቀጠለ ተዋሽታችኋል። (ፓሲቭ፣ ማለትም ባትሪ የማይፈልግ፣ ፒክአፕ ኖሯቸው ድምፁን የሚያጎላው ፕሪአምፕ ብቻ አክቲቭ የሆኑ ቤዞች አሉ፣ እነሱ ፓሲቭ ማድረጊያ ስዊች ካላቸው ያለ ባትሪም ይጫወታሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሻጩ ምንድነው ያለኝ የሚለውን ያዙ።)

ስለ ሎጎው ብዙ አልልም፣ የሄድስቶኩ (ክሩ የሚቃኝበት ጭንቅላቱ) ጫፍ ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ በጣት ስትዳስሱት የሎጎው ዳር ይሰማችኋል። ለአንዱ ገዢ ደግሞ "የ1958 ጃዝ ቤዝ" ብሎ ሸጦለታል። ጃዝ ቤዝ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ በ1958 የነበረው ፕሪሲዥን የሚባለው ሌላው የፌንደር ቤዝ ነው። የዛው ቤዝ ሴሪያል ቁጥር ደግሞ ሄድስቶክ ላይ ነው ያለው፣ ፌንደር ቁጥሩን ወደዛ ያመጣው በ1976 አካባቢ ነው፣ የ60ዎቹ ቁጥር ከኋላ ኔኩን የሚያስረው ብረት ላይ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ከማንም ብትገዙ፣ ከዚህ ሰው ባይሆንም፣ የራሳችሁን ኬብልና ከተቻለ ትልቅ የቤዝ አምፕ ያለበት ቦታ ይዛችሁት ሂዱ። ሁለቱንም ቮልዩም ሙሉ ክፈቱ። ከዛ አንዱን ዜሮ አድርጉ፣ ጃዝ ቤዝ ላይ ሌላው መጫወቱን መቀጠል አለበት፣ ሁሉም ጸጥ ካለ ዋየሪንጉ ተነካክቷል። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩ ሀሙ መቀነስ አለበት፣ ከባሰ የግራውንዱ ገመድ ችግር አለበት። ቴስተር ያለው ሰው ካገኛችሁ ቶኑንና አንዱን ቮልዩም ከፍቶ ሌላውን ዘግቶ በኬብሉ ጫፍ ይለካላችሁ፣ የተለመደ የጃዝ ፒክአፕ 7 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። ሻጩ ክዳኑን አታስከፍትም ካለ ተነሱና ሂዱ።

ቀብድ በፍጹም እንዳትልኩ። ይሄ ሰውዬ "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ ጣልና ልያዝልህ" ይላል፣ ብሩን የሚያስገባው በሌላ ሰው አካውንት ነው፣ ደረሰኝ የለም፣ ልጁ ደውሎ ሲጠይቀው "አይተህ ሞክረህ ነው የወሰድከው" ብሎ ብሎክ አደረገው። ንግድ ቢሮ ልሂድ ቢል ምን ወረቀት ይዞ ይሄዳል? ብር የላካችሁበትን ስክሪንሾት፣ ማስታወቂያውን፣ ቻቱን ሳያጠፋው ቀድማችሁ አስቀምጡ።

የገዛችሁት ካላችሁ ደግሞ አትጣሉት። እንጨቱ ደህና ነው፣ ኔኩም ቀጥ ያለ ነው፣ ችግሩ የገመድ መገላበጥ ከሆነ የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ገመዶች አቀያይሮ መበየድ ብቻውን ድምፁን ይመልሰዋል። የልጁን እንደዛ አድርጌለት ያን ቀኑን ሁለቱንም ቮልዩም ከፍቶ ችክችካ ሲጫወት ክፍሉ ሞላ። ሌሎቻችሁም አምጡት፣ ከፍቶ ለማየትም ይቺን ለማስተካከልም ብር አልቀበልም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካልሆናችሁ የኋላውን ክዳን ፈታችሁ የገመዶቹን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ የትኛውን ከየትኛው እንደምትቀይሩ ምልክት አድርጌ እመልስላችኋለሁ።