ካዛንቺስ የተሰጠው የከፍተኛ አመራሮች የሰው ኃይል ሥልጠና፦ የመጀመሪያው ቀንና የሁለተኛው ልዩነት

አንድ የማማከር ድርጅት ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ለዋና ሥራ አስኪያጆችና ለምክትሎቻቸው ያዘጋጀውን የሁለት ቀን ሥልጠና መሥሪያ ቤቴ ከፍሎልኝ ተካፍያለሁ። ርእሱ በመጪዎቹ ዓመታት በሰው ኃይል ረገድ ከፍተኛ አመራሩን የሚጠብቁት ችግሮች የሚል ነበር። የመጀመሪያው ቀን የተከፈለበትን ገንዘብ የሚያካክስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀን ግን ቢቀር የሚያስቆጭ አልነበረም።

አሠልጣኙ የጀመሩት ከገበያው ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ለውጭ ባንኮች በር ሲከፍትና አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ሥራ ሲጀምር፣ ሁሉም የሚፈልጉት የሥጋት አመራር፣ የሳይበር ደኅንነትና የሕግ ተገዢነት ባለሙያ ቁጥሩ በዚያው ልክ እንዳላደገ አስረዱ። የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን በቆሙበት በሰንጋ ተራ አንድ ባለሙያ አሠሪ ለመለወጥ መንገድ መሻገር ብቻ ይበቃዋል ሲሉ ከአዳራሹ የተሰማው ሳቅ የደስታ አልነበረም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የተሰጠን አንድ ገጽ ቅጽ ነው። በግራ በኩል በየድርጅታችን ያሉትን ቁልፍ የሥራ መደቦች፣ በመሐል የያዛቸውን ሰው፣ በቀኝ ደግሞ ያ ሰው ነገ መልቀቂያ ቢያስገባ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ተተኪ እንድንጽፍ ታዘዝን። አጠገቤ የተቀመጡ የአንድ አምራች ድርጅት ኃላፊ በቀኙ ረድፍ ላይ የአንዲት ሠራተኛን ስም ለፋይናንስ፣ ለግዢና ለኦዲት ደጋግመው ከጻፉ በኋላ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ቅጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። የኔም ቅጽ ከሳቸው እምብዛም የተሻለ አልነበረም፤ ግማሹ ባዶ ነው። አሠልጣኙ ቅጹን አልሰበሰቡም፣ አስተያየትም አልሰጡም፤ ይህን በማድረጋቸው አመሰግናቸዋለሁ።

የሕጉ ክፍልም በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀናት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ የተተኪ ጉዳይ በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ሊያልቅ እንደማይችል ግን አስበንበት የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በተጨማሪ የሥራ መሪ የሚባለው ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ ሆኖ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚዳኝ፣ መለኪያውም በመታወቂያው ላይ የሰፈረው ማዕረግ ሳይሆን ፖሊሲ የማውጣት ወይም የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣኑ እንደሆነ በምሳሌ አሳዩን። ሁሉን ሰው ማናጀር ብሎ መሾም በለመደ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ወረደ። ሌላ አሠልጣኝ መጥተው ጄን ዚ ስለሚባለው ወጣት ትውልድ ባሕርይና ከቤት ሆኖ ስለ መሥራት ከውጭ አገር የተቀዱ ስላይዶችን እስከ ምሳ ሰዓት አነበቡልን። የደመወዝ ነገር ሲነሣ «ገንዘብ ብቻውን ሰው አያቆይም» ብለው አለፉት። አባባሉ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን ሒሳቡ ራሱ ያስረዳ ነበር። ከወር ደመወዝ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ግብር ስለሚከፈልበት፣ ደመወዙ ከዚያ ላለፈ አንድ ነባር ባለሙያ የሚደረግ የ10 ሺህ ብር የመሠረታዊ ደመወዝ ጭማሪ ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ተቀንሶ እጁ የሚገባው 5,800 ብር ሲሆን፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶውን የጡረታ ድርሻ ጨምሮ 11,100 ብር ያወጣል። ባንኮች ሠራተኛን በአነስተኛ ወለድ የቤት ብድር ማቆየታቸውም ሆነ ተቀናቃኝ ባንክ ያንኑ ብድር ገዝቶ ሰውየውን መውሰዱ የተነሣው በሻይ ሰዓት በተሳታፊዎች መካከል ነው። በመልሶ ማልማት ከካዛንቺስ ተነሥተው ከተማዋ ዳር ገላን ጉራ የገቡ ሠራተኞች ስላሉን የሰርቪስ መኪና ጉዳይ አንድ ቃል ይነሣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተነሣም።

መስተንግዶው ጥሩ ነው፣ የጾም ምግቡም አልተረሳም። ዋጋው ግን ቫትን ሳይጨምር ተነግሮን 15 በመቶው ደረሰኝ ላይ መጣ፤ የምስክር ወረቀት አሰጣጡና ፎቶው ደግሞ ለጥያቄ የተመደበውን ሰዓት በላው።

ድርጅቱ የመጀመሪያውን ቀን ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ የሰው ኃይል ኃላፊያችሁንና የፋይናንስ ኃላፊያችሁን አብራችሁ ላኩ፤ የተተኪ ቅጹም አስቀድሞ በኢሜይል እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ በሃያ ደቂቃ የሚሞላ አይደለምና።