በኮምቦልቻ ለወራት የተጠቀምንበት ባለ 24 ፖርት ማኔጅድ ስዊች፦ የሉፕ መከላከያውና የፖርት ማረጋገጫው

ኮምቦልቻ በሚገኘው ማሠልጠኛችን ካለፈው መስከረም ጀምሮ የምንጠቀምበት መካከለኛ ዋጋ ያለው ባለ 24 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ማኔጅድ ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝና ቅንብሩ የሚስተካከል መሣሪያ ነው። ስለ ፍጥነቱ ብዙ አልልም፤ ለቢሮና ለላብራቶሪ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ልመዝነው የፈለግሁት ሠልጣኙም ሠራተኛውም ያገኘውን ገመድ በሚሰካበትና መብራት በሚመላለስበት ቤት ውስጥ ኔትወርኩን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው። የምኖረው ደሴ በመሆኑ፣ የተዘጋ ፖርት በራሱ ካልተከፈተ ወይም ከርቀት ካልከፈትሁት የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ግድ ይሆንብኛል።

ከሁሉ በላይ ዋጋውን ያስመሰከረው የሉፕ፣ ማለትም መረጃ በክብ መንገድ እየዞረ የሚቀርበት ስህተት፣ መከላከያው ነው። የኢተርኔት ፍሬም (በገመዱ የሚላከው የመረጃ ጥቅል) አይፒ ፓኬት እንዳለው ያለ እየቀነሰ የሚሄድ የዕድሜ ቁጥር ስለሌለው፣ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላከው መልእክት) ያለማቋረጥ እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን በሙሉ ያቆመዋል። ለዚህ ችግር ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 የነደፈችው ስፓኒንግ ትሪ፣ ማለትም ትርፍ መንገዶችን ዘግቶ ዙሩን የሚሰብረው ስልት፣ ዛሬም መሠረቱ ነው። የስልቱን ፈጣን ዓይነት አርኤስቲፒን አብርቼ፣ የተጠቃሚ ፖርቶችን ኤጅ (ስዊች የማይሰካባቸው የመጨረሻ ፖርቶች) አድርጌ በእያንዳንዳቸው ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ፣ ማለትም ስፓኒንግ ትሪ የሚጠቀምበት ቢፒዲዩ የተባለ ፍሬም ከመጣበት ፖርቱን የሚዘጋ ቅንብር፣ ጨምሬያለሁ። የስዊቹን ቅድሚያ ደግሞ ከተለመደው 32768 ወደ 4096 ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቅድሚያው ስለሚበልጥ፣ ሌላ ስዊች ቢጨመር የኔትወርኩ ሥር (ስፓኒንግ ትሪ መንገዶቹን የሚለካበት መነሻ) ይኸው ማዕከላዊው ስዊች ሆኖ ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ ስፓኒንግ ትሪ ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ርካሽ ስዊቾች የቢፒዲዩ ፍሬሞችን ስለማያሳልፉ፣ ከጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ እንዲህ ባለ ስዊች ላይ የተፈጠረ ሉፕ ለቢፒዲዩ ጋርድ አይታየውም። በላብራቶሪያችን ይህ በደረሰ ጊዜ ያዳነን ሉፕ ዲቴክሽን የተባለው የተለየ ቅንብር ነበር፤ ስዊቹ የራሱን መፈተሻ ፍሬም ይልካል፣ ፍሬሙ በወጣበት ፖርት ተመልሶ ከመጣም ያንን ፖርት ብቻ ይዘጋል። የመልሶ መክፈቻውን ጊዜ 300 ሰከንድ አድርጌዋለሁ፤ ገመዱ ከተነቀለ ፖርቱ ያለ ማንም እርዳታ ወደ ሥራ ይመለሳል።

የፖርት ማረጋገጫው፣ ማለትም 802.1ኤክስ፣ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ማንነቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ፖርቱ ከማረጋገጫው ፍሬሞች በቀር ምንም አያሳልፍም፤ ስዊቹ ጥያቄውን በዩዲፒ ፖርት 1812 (መሰኪያ ሳይሆን የሶፍትዌር በር ቁጥር ነው) በኩል ማንነትን ለሚያጣራው ራዲየስ ሰርቨር ያደርሳል፣ ውሳኔውም የሰርቨሩ ነው። እኛ የምንጠቀመው ፍሪራዲየስ የተባለውን የራዲየስ ሶፍትዌር ሲሆን ከስዊቹ ጋር ያለ ችግር ተግባብቷል። ፖርቱን በሙሉ ሳይሆን እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ የሚያረጋግጠውን አሠራር መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አንዱ ሠልጣኝ ከገባ በኋላ በዚያው ፖርት ላይ በትንሽ ስዊች የተያያዙት ሁሉ ሳይጠየቁ ተከትለውት ያልፋሉ። ማረጋገጫውን የማያውቁት ፕሪንተሮችና ካሜራዎች በማክ አድራሻቸው (በኔትወርክ መለያ ቁጥራቸው) ይገባሉ። ማክ አድራሻ በቀላሉ ስለሚቀዳ ግን ከሌላው ክፍል ጋር በማይገናኝ የራሳቸው ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።

ማረጋገጫው በእርግጥ የሚፈተነው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ስዊቹ ከሰርቨሩ ቀድሞ ስለሚነሣ፣ በመካከል ባሉት ደቂቃዎች የሚጠየቅ ራዲየስ የለም፤ ሌላ መንገድ ካልተበጀም ቤቱ በሙሉ ደጅ ይቀራል። ስለዚህ ሰርቨሩ መልስ በማይሰጥበት ጊዜ ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት ብቻ ወዳለው ቪላን እንዲገቡ፣ ሰርቨሩ ሲመለስ ደግሞ እንደ አዲስ እንዲረጋገጡ አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። ቅንብሩ በትክክል ይሠራል፤ በስዊቹ የቅንብር ድር ገጽ ላይ ግን ከማረጋገጫው ክፍል ርቆ በሌላ ምናሌ ውስጥ መቀመጡ እውነተኛ ጉድለት ነው። ሰዓቱም መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ መነሻው ስለሚመለስ፣ ኤንቲፒ (ሰዓቱን በኔትወርክ በኩል የሚያስተካክለው ቅንብር) ካልተሞላለት የትኛው ፖርት መቼ እንደተዘጋ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም።

ተመሳሳይ ስዊች ለመግዛት የሚያስብ ሰው በካርቶኑ ላይ 802.1ኤክስ የሚል ጽሑፍ ማየቱ አይበቃውም። ሉፕ ዲቴክሽን፣ በመሣሪያ የሚለይ ማረጋገጫና ሰርቨር ሲጠፋ የሚሠራው ቪላን በዚያው ሞዴል ላይ መኖራቸውን ከመመሪያው አይቶ ቢከፍል ይሻላል፤ ዋጋቸው በሚቀራረብ ስዊቾች መካከል እንኳ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።