ዙም ኤች1ኤን፦ ለክራርና ለሰዓት እላፊ የሚሆን መቅጃ

የመቅጃ ዕቃ ግምገማ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ መብራት የማይጠፋበት፣ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ክፍል ያላቸው ናቸው። እኔ ባሕር ዳር የምኖር ክራር ተጫዋች ነኝ። ይቺን መቅጃ የገዛሁት የምሠራበት የባህል ምሽት ቤት በሰዓት እላፊው ምክንያት በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ድምፅ ጥራት ብቻ እንድጽፍ አትጠብቁኝ።

ዙም ስል የስብሰባውን አይደለም፤ መቅጃ የሚሠራውን የጃፓን ኩባንያ ነው። ኤች1ኤን መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ያለ ባትሪ 60 ግራም ገደማ የምትመዝን ጥቁር ዕቃ ናት። አናቷ ላይ በ90 ዲግሪ የተሻገሩ ሁለት ማይኮች አሉ። የድምፅ መጠን የሚስተካከለው ከ0 እስከ 10 በሚዞር ቁልፍ ነው፤ ሜኑ ውስጥ ገብቶ መፈለግ የለም። የምትሠራው በሁለት የሪሞት ባትሪ ሲሆን ፋብሪካው በአልካላይን 10 ሰዓት ያህል ትቆያለች ይላል። እስከ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ትቀበላለች፤ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የድምፅ ጥራት ስትቀዱ አንድ ሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። የእኔን ያገለገለች የገዛኋት ሥራ ከቀዘቀዘበት የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ላይ ሲሆን 7,000 ብር ከፍያለሁ።

“ስልክህስ አይቀዳም ወይ?” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይቀዳል። ነገር ግን ስልኬ ውስጥ የእናቴ ፎቶ፣ የጓደኞቼ ቁጥር፣ ማን እንዳስገባኝ እንኳ የማላስታውሰው የቴሌግራም ግሩፕ አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መፈተሽን ፈቅዶ ነበር፤ ለስድስት ወር ተባለ፣ ከዚያ አራት ወር ተጨመረበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የስልክ ግንኙነትንም ጭምር እጠብቃለሁ ይላል። ኬላ ላይ ቆሞ አንቀጽ የሚጠቅስ ክራር ተጫዋች ግን እስካሁን አላየሁም። ስልክህን ትሰጣለህ፣ ሰውየው በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ አንተ ፊቱን ታነባለህ። ያልጨረስኩት፣ ግማሹ ማጉረምረም የሆነ ዘፈን በዚያ መሐል እንዲከፈት አልፈልግም። መልእክት ኖሮበት አይደለም። ገና ስላላለቀ ነው፤ ያላለቀ ዘፈን ደግሞ ማንም የፈለገውን ትርጉም ይሰጠዋል።

መቅጃዋ ሲም ካርድም ቴሌግራምም የላትም። ለቀረጻ ካልያዝኳት በቀር ካርዷን አውጥቼ ቤት ትቼው እወጣለሁ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ዳታ ከክልሉ ጠፍቶ ወራት ስለቆየ፣ ኔትወርክ የማትፈልግ መሆኗ ቅንጦት አልነበረም።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ክራር ስቀዳ ጋቢ አጥፌ ጠረጴዛ ላይ አነጥፋለሁ፤ ካለዚያ የእግሬ ምት በእንጨቱ በኩል ይገባል። መቅጃዋን ከክራሩ ሁለት ስንዝር ያህል አርቄ፣ ማይኮቹን ከቀዳዳው ይልቅ ቆዳውና ብርኩማው ወደሚገናኙበት አዞራለሁ። ቁልፉን 4 ላይ። ድምፁ ድንገት ሲጮኽ የሚገታውን ሊሚተሩን ከፍቼ። የባቲን ቅኝት ስደረድር፣ ማለት ክሮቹን አንድ በአንድ ስነካ፣ የጥፍሬ ንክኪና የክሩ መርገብ ሳይቀር ይሰማል፤ ክሮቹን በአንድ ላይ ስገርፍ ግን ማይኮቹ ቅርብ ስለሆኑ ድምፁ ይጠብና ይጮኻል፣ ያኔ ወደ ኋላ መራቅ ነው። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሳ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ 80 ኸርዝ ላይ አደርገዋለሁ። 120 እና 160 ላይ ሲደረግ ጉርምርምታው የበለጠ ይቀንሳል፤ የክራሩ ወፍራም ክርም አብሮ ይከሳል።

በጣም የጠቀመኝ ነገር መደረቢያው ነው። ቀድሞ የተቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ እያሰማች በላዩ ሌላ ድምፅ ትጨምራለች። ማሲንቆ የሚጫወተው ባልደረባዬ ከአባይ ማዶ ነው የሚኖረው፤ ከመሸ መሻገር አይታሰብም። እኔ ክራሩን ሌሊት እቀዳለሁ፣ ቀን መቅጃዋን እንዳለች እወስድለታለሁ፣ እሱ ማሲንቆውን ይደርብበታል። አንድ ትዝታ እንዲህ እየተመላለሰ ሲሠራ መሐሉ ላይ “ጧ” የሚል ደረቅ ድምፅ ገባ። ተኩስ ነው፣ ከሩቅ። ስክሪኑ ላይ ከክሩ ምት ያነሰች ጭረት ናት። “ጋሼ፣ ይህን ልቁረጠው?” አልኩት። “ተወው አንተ ልጅ፤ እሱም ያን ሌሊት ነበረ” አለኝ።

የጋሼ ነገር ገብቶኛል። ቢሆንም ለሰው በሰጠሁት ላይ ቆርጬዋለሁ። ሰው ትዝታውን ትቶ ተኩሱ ከየት በኩል እንደመጣ፣ ማን እንደተኮሰ ሲከራከር መስማት አልፈለግሁም። ያልተቆረጠው ካርዱ ላይ አለ።

በአዝማሪ ቤት ግጥሙ የአዝማሪው ብቻ አይደለም። እንግዳው “ተቀበል” ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል፤ የተሰጠውን መልሶ ማዜም ሥራው ነው። በሰላሙ ጊዜ የሚሰጠው የፍቅር ነው፣ የሽሙጥ ነው፣ ጓደኛን ማሽሟጠጥ ነው። ጦርነት ሲመጣ አንዱ ጠረጴዛ የጦር ግጥም ይሰጣል፣ ሌላው ጠረጴዛ ቀና ብሎ ማን እንደሳቀ ያያል። ጋሼ እንዲህ ያለ ግጥም ሲመጣበት ማሲንቆውን ረዘም አድርጎ ይጎትትና የመጨረሻዋን ቃል ወደ ፍቅር ያጠማዝዛታል። ሰጪው አልተዋረደም፣ ሰሚው አልተቆጣም። ይህን ችሎታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። መቅጃዋን አዝማሪ ቤት ይዤ የማልገባውም ለዚህ ነው። የቃል ግጥም ሌሊቱን ሲነጋ ይበተናል፤ ከተቀዳ ግን ባለቤት ይፈለግለታል። “ባህላችን እንዳይጠፋ ሁሉንም ቅዱ” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የተቀበለው አዝማሪ ሳይፈቅድ፣ ግጥሙን የሰጠው እንግዳ ሳያውቅ መቅዳት ባህል መጠበቅ ሆኖ አይታየኝም።

ሥልጣን አዝማሪን መፍራቱ ትናንት አልተጀመረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ሳይቀር አስገድሏል፤ ወሬና ተስፋ የሚያዛምቱት እነሱ ናቸው ተብሎ። ያውም መቅጃ በሌለበት ዘመን። ደርግም ሰዓት እላፊ ነበረው። የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች በር ይዘጉና ባንዱም ጨፋሪውም እስኪነጋ ውስጥ ያድሩ ነበር። ታላላቆቻችን ያን ጊዜ ሲያወሩት የሚያስቀና ያስመስሉታል፤ ግጥሙ በሳንሱር አልፎ የሚመጣ መሆኑን ግን እየዘለሉ ነው። ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀረ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ደግሞ ከለከለው፤ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽንም በስም ጠርቶ ፈቀደ። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ግጥምህን አምጣና ይታይ የሚለኝ ቢሮ የለም። የምገመግመው እኔው ነኝ፣ ያውም ሳልጽፈው። ካርዱ ላይ ቃል የሌላቸው፣ ክራር ብቻ የሆኑ ቅጂዎች የበዙት ክራር ስለምወድ ብቻ አይደለም።

ጉድለቶቿን ሳልናገር ብቀር ሻጭ እመስላለሁ። አካሏ ፕላስቲክ ነው፤ በእጅ ይዛችሁ ስትቀዱ የጣት እንቅስቃሴ ሁሉ ይገባል፣ ስለዚህ አስቀምጡ ወይም ከሥሯ ባለው ቀዳዳ ማቆሚያ ግጠሙላት። የንፋስ መከላከያ ስፖንጅ አብሯት አይመጣም፤ ጣና ዳር ያለ እሱ ንፋስ ብቻ ነው የምትቀዱት። ኬብል ስትሰኩባት በዚያ ኃይል ትሠራለች እንጂ ባትሪ አትሞላም። ለከበሮ ቅርብ አትሁን። ለድምፃዊ ደግሞ የተጣራ የስቱዲዮ ድምፅ ከፈለጋችሁ ገንዘባችሁን ለስቱዲዮ ኪራይ አውሉት።

አዲስ ለመግዛት አቅሙ ያለው ኤች1 ኢሴንሻል የሚባለውን ተተኪዋን ይመልከት። ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ ሳይበላሽ በሚይዘው 32 ቢት ፍሎት በሚባል አሠራር ስለሚቀዳ የድምፅ መጠን ማስተካከያ ቁልፉ ራሱ ቀርቷል፤ ክራር ከመደርደር ወደ መግረፍ ድንገት ለሚያልፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያገለገለች ኤች1ኤን ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የባትሪ ቤቱን ክፈቱና ዝገት እንደሌለው እዩ፣ የመጠን ቁልፉን እየቀዳችሁ አዙሩትና መንኮሻኮሽ እንዳለው በማዳመጫ ስሙ፣ የራሳችሁን ካርድ ከትታችሁ ሞክሩ። የሻጩን ካርድ አብራችሁ አትውሰዱ፤ የእኔ ሻጭ ረስቶት የሰው ሠርግ ቃለ መሐላ ይዤ ቤቴ ገብቼ ነበር፣ በማግሥቱ መለስኩለት።