በጦሳ ተራራ ላይ ልጄን ላተረፈልኝ የፖሊስ የሕክምና ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ ልጻፍ አልጻፍ እያልሁ ሳመነታ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የማመሰግነው ሰው ስሙ እንዳይጠራ አጥብቆ ስለለመነኝ ስም የሌለው ምስጋና ምን ዋጋ አለው ብዬ ነበር። ነገር ግን ዝም ብዬ ባልፍ ውለታ ቢስ መሆኔ ነው፤ ደግሞም ሌሎች የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በመካከላችን መኖራቸውን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

የ16 ዓመት ልጄ በነሐሴ ወር መጨረሻ፣ እሑድ ቀን፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ጦሳ ወጣ። የደሴ ልጅ ጦሳን እንደ ጓሮው ስለሚያየው ክረምት መሆኑንም ሆነ ጉም መውረዱን ከቁብ አልቆጠሩትም። ሲመለሱ ልጄ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አዳልጦት ገደል ገባ። ጓደኞቹ አስቀድመው ለፖሊስ መደወላቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ለእኔ የደወሉልኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቶ እንደነበር ያወቅሁት ማታ ነው።

ስደርስ አንድ የፖሊስ ልብስ የለበሰ ወጣት ከልጄ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። የልጄ ጭን ተሰብሯል፤ ሱሪው በደም ርሷል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ «አንሱት! ምን ትጠብቃላችሁ!» እያለ ይጮኻል። እኔም ከሁሉም በላይ ጮኽሁ፤ ጮኼም አልቀረሁ፣ ልጄን በብብቱ ይዤ ላነሳው እጄን ዘረጋሁ።

ወጣቱ እጄን ያዘኝ። አልገፋኝም፣ አልተቆጣኝም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን ካነሳነው እንጎዳዋለን። እርስዎ ጭንቅላቱን ይያዙልኝ» አለኝ። ከዚያም ሁለቱን መዳፎቼን ወስዶ በልጄ ራስ ግራና ቀኝ አስቀመጠና «ጆሮውን ግን አይሸፍኑበት፤ ድምፅዎን ይስማ» ሲል ጨመረልኝ። ይህችን ቃል በሕይወቴ አልረሳትም። እብድ ሆኜ የደረስሁትን አባት ከመንገድ ገለል ከማድረግ ይልቅ ሥራ ሰጠኝ። ልጄን እያነጋገርሁ፣ ራሱን እንዳይነቃነቅ ይዤ፣ እኔም በዚያው ተረጋጋሁ።

ስለ ሕክምናው ብዙ አልገባኝም፤ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ከቁስሉ በላይ በአንድ ጠንካራ ማሰሪያ ጭኑን አጥብቆ አስሮት ነበር፤ በማሰሪያው ላይ ደግሞ 9:20 የሚል በእስክሪብቶ ተጽፏል። ለምን እንደጻፈው የገባኝ ሆስፒታል ስንደርስ ነው፤ ተረኛው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ ያነበበው ያንን ሰዓት ነበርና። ቀጥሎ የራሱን ጃኬት አውልቆ በልጄ ላይ ያለብሰዋል ብዬ ስጠብቅ ከጀርባው ሥር በዝግታ አስገባለት። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው አለን። እርሱ ራሱ በዚያ ጉምና ካፊያ በሸሚዝ ብቻ ቀረ፤ ከተማችን ራሷ በ2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ጦሳ ላይ ያለውን ብርድ የወጣበት ያውቀዋል። ልጄ ዐይኑን በከደነ ቁጥር «አብሽር ወንድሜ፣ አለሁ፤ ስምህን ንገረኝ» ይለው ነበር። ስሙን ሃያ ጊዜ ሳይነግረው አልቀረም።

ይህን ሁሉ ያገነንሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ደረሰበት። እንርዳ ያሉ ሰዎች በእጅና በእግሩ አንጠልጥለው፣ እንደ ጆንያ አጥፈው፣ ሚኒባስ ውስጥ ከተቱት። አልፈርድባቸውም፤ አላወቁም። የምፈርደው በሌሎቹ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወንበሩ በደም ከተበላሸ የሚያሳጥበው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ያደረስነው የጤና ተቋም በር ላይ ካርድ ካላወጣችሁ ተባልን፤ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፤ ወንድሜ ወለል ላይ ተኝቶ እያቃሰተ «የራጅ ባለሙያው ነገ ነው የሚገባው» ተባልን። የማንንም ስም አልጠራም፤ ያደረጉትን እነርሱ ያውቁታል። ወንድሜ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በአደጋው ይሁን በአነሳሱ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አልቻለም፤ እናታችን ግን እስካሁን ይህንኑ ጥያቄ እየደጋገመች ትጠይቃለች። እንግዲህ ያ ወጣት እጄን ሲይዘኝ ያቆመው እኔን ብቻ አልነበረም።

አምቡላንሱ፣ የቀይ መስቀል መኪና፣ መንገዱ ካለቀበት ቦታ በላይ መውጣት አልቻለም። ወጣቱ ከአካባቢው ገበሬዎች ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት አስቆረጠ፤ አንድ አዛውንት ሳይጠየቁ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡ፤ ቃሬዛ ተሠራ። ቃሬዛ መሥራት ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲስ የነበረው አጫጫኑ ነው። ስድስት ሰው በየቦታው አሰልፎ፣ እርሱ ሲቆጥር ብቻ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያነሳ አደረገ፤ የሰው ልጅ እንደዚያ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። እስከ አምቡላንሱ ድረስ አሥር የምንሆን ሰዎች እየተፈራረቅን ተሸከምን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየቋንቋው እየጸለየ ወረድን።

ልጄ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከተኛበት ከወጣ በኋላ ያንን ወጣት አፈላልጌ አገኘሁት። «ሐኪም» ብዬ ስጠራው ሐኪም አለመሆኑን፣ በድንገተኛ ሕክምና የሠለጠነ ፖሊስ መሆኑን ነገረኝ። ሥራው ፖሊሶች አስቸጋሪ ተልዕኮ ላይ ሲሰማሩ አብሮ ወጥቶ የቆሰለውን ማንሳት ነው። ተኩስ ባለበት ቦታ አምቡላንስ አይገባም፤ ስለዚህ ሕክምናውን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ እዚያው መገኘት አለበት። ተራራም እንደዚያው ነው አለኝ፤ አምቡላንሱ ታች ይቀራል፣ ደሙ ግን አይጠብቅም። ደምን አስቀድሞ ማቆም የሚለው ሥርዓት የአሜሪካ ወታደራዊ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 ለጦር ሜዳ ሕክምና ካሳተሙት መመሪያ ወደ ፖሊሶችም የተሻገረ መሆኑን አጫወተኝ። በፈረንሳይዋ ሻሞኒ ከተማ ደግሞ፣ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የሞንብላን ተራራ ሥር፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ዋና ሥራው ከተራራ ላይ ሰው ማዳን የሆነ የጀንዳርም፣ ማለትም የወታደራዊ ፖሊስ፣ ጓድ አለ፤ ሐኪም ይዘው በሄሊኮፕተር ነው የሚወጡት። ይህን ሲነግረኝ ዐይኑ ላይ ያየሁት ቅናት አይደለም፣ ምኞት ነበር። እርሱ የነበረው አንድ ቦርሳ፣ ሁለት እንጨትና የሰው ጋቢ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ጦሳ የምትወጡ የስፖርት ማኅበራት፣ ተማሪዎቻችሁን ለጉብኝት የምታወጡ መምህራን፣ እንደ እርሱ በድንገተኛ ሕክምና የሠለጠኑትን እነዚህን የፖሊስ ልጆች ጋብዟቸው፤ በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ለማስተማር ፈቃደኞች መሆናቸውን ከአፉ ሰምቻለሁ። አደጋ ሲደርስ ሰውየውን ከማንሳታችሁ በፊት ለፖሊስና በ907 ለቀይ መስቀል ደውሉ፤ ስትደውሉም መኪና ይገባል አይገባም የሚለውን አስቀድማችሁ ንገሩ። የከተማችን ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ ለነዚህ ልጆች አንድ ደህና ቃሬዛ መግዛት አያቅታችሁም። እንዲህ ያለ ሙያተኛ በከተማችን እያለ በእንጨትና በጋቢ መሥራቱ ያሳፍረናል። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯቸው፣ አስተምሩን በሏቸው።

ባለፈው እሑድ ወጣቱ የልጄን እግር ሊያይ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ጃኬቱን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ተኩሳ አስረከበችው። ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ፤ ልጄም በክራንች እየተደገፈ እስከ በር ሸኘው። ገንዘብ ልሰጠው ብሞክር ተቆጣ፤ በተራራው ላይ ያላየሁትን ቁጣውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ ዕዳ ካለብዎት የእኔ ሳይሆን የጋቢው ነው፤ አዛውንቱ ያን ቀን በብርድ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጋቢውን ሆስፒታል ውስጥ በመቀስ ቀደዱት። አዲስ ገዝቻለሁ፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ባፈላልግም አላገኘኋቸውም። ነጭ ጺም ያላቸው፣ ግራ እጃቸው ላይ አንድ ጣት የጎደላቸው፣ በዚያ ቀን ሁለት አህያ ይነዱ የነበሩ አባት ናቸው። የምታውቋቸው ካላችሁ እባካችሁ እዚህ ጻፉልኝ።