ስምንት ወር ከኩርፈኞቹ ጋር፦ የ1995ቱ የማጂክ ካርዶች

«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለው የካርድ ጨዋታ በፈረንጆቹ 1993 ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ፈልጌ ነበር። የሒሳብ ሰው የሆነው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው የፈጠረው። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ዛሬ የሚቀመሱ አይደሉም። እኔም ከእነሱ ብዙዎቹን ደግሞ ያተመውን የ1995ቱን አራተኛ እትም ያገለገለ ገዛሁ። ሻጩ «ሁሉም ቀለም በብዛት አለው» ብሎኝ ነበር። ሰማያዊው ከእፍኝ አይበልጥም። ስለዚህ ስለ ሰማያዊ የምለውን በጥርጣሬ አንብቡት።

ካርዱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። አምስት ነጥቦች በክብ ተደርድረዋል፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ጎን ለጎን ያሉት ወዳጆች ናቸው። ፊት ለፊት የሚተያዩት ጠላቶች። ነጭ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ጋር ይስማማል፤ ከጥቁርና ከቀይ ጋር ግን ዓይንና ናጫ ነው። የጨዋታው ጠብ ሁሉ ከዚህች ክብ ይጀምራል።

እኔን የማረኩኝ ሁለት ትንንሽ ካርዶች ናቸው፦ ነጩ ፈረሰኛና ጥቁሩ ፈረሰኛ። የሁለቱም ጉልበት 2፣ ጽናታቸውም 2። ሁለቱም ቀድመው ይመታሉ። እያንዳንዳቸው የሚወጡት በገዛ ቀለማቸው ሁለት ማና ነው፤ ማና ማለት ካርድ ለማውጣት የሚከፈል ኃይል ነው። የሚለያቸው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ነጩ ከጥቁር የተጠበቀ ነው፣ ጥቁሩ ከነጭ።

አንድ ማታ እኔ ነጩን አወጣሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ጥቁሩን። አሁን ይተላለቃሉ ብለን ጠበቅን። ጭራሽ! ነጩ ሲያጠቃ ጥቁሩ ሊያግደው አይችልም። ጥቁሩ ሲመጣም ነጩ እጁን አጣጥፎ ያያል። በየተራው እየተላለፉ የእኔንና የእሱን ሕይወት ሁለት ሁለት ይገምጡ ጀመር። ከ20 ወደ 18፣ ከ18 ወደ 16። ወንድሜ «እነዚህማ የተኮራረፉ ጎረቤቶች ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ኩርፈኞቹ» ሆኖ ቀረ። ሕጉ ራሱ ነው ጠባቸውን የሚነግረን።

ሁሉም ጠብ ግን እንዲህ አይጣፍጥም። «ካርማ» የሚባል ነጭ ካርድ አለ። በየተራችሁ መጀመሪያ፣ ባላችሁ ረግረግ ቁጥር ልክ ሕይወት ይቀንስባችኋል። ረግረግ ደግሞ የጥቁር መሬት፣ ማለትም ጥቁር ማና የሚያወጣ ካርድ ነው። ጥቁርም ዝም አይልም፤ «ግሉም» በሚባለው ካርድ እያንዳንዱን ነጭ አስማት በሦስት ማና ያስወድዳል። የቀይ «ፍላሽፋየርስ» ደግሞ ሜዳ የተባለን የነጭ መሬት ሁሉ ባንዴ ያወድማል። ተጋጣሚያችሁ የምትጠሉትን ቀለም ከያዘ ጨዋታው በቁሙ አለቀ። ካልያዘ ካርዱ እጃችሁ ላይ ተራ ወረቀት ነው። መሃል የሚባል ነገር የለም።

በሦስተኛው ወር ወንድሜ ጥቁር ብቻ ይጫወት ነበር። በአራተኛው ተራዬ ካርማን ዘረጋሁበት። ረግረጎቹን ቆጠረ፣ እኔን አየኝ፣ ካርዶቹን ሰብስቦ ተነሳ። አልፈረድኩበትም። አሁን እንዲህ ያሉትን ካርዶች ሳይድቦርድ ውስጥ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሚገቡት 15 ካርዶች መሃል ነው የምናስቀምጣቸው። እዚያ ሲሆኑ ጥሩ ናቸው፤ ተጋጣሚም ሊመጡ እንደሚችሉ አውቆ ይዘጋጃል።

ሌላው የጋርፊልድ ጨዋታ በቁጥር ሦስት ላይ ነው። እያንዳንዱ ቀለም በአንድ ማና ሦስት የሆነ ነገር ይሰጥ ነበር። ቀይ በ«ላይትኒንግ ቦልት» ሦስት ይመታል። አረንጓዴ ለአንድ ፍጡር ሦስት ጉልበትና ሦስት ጽናት ይጨምራል። ጥቁር ሦስት ማና ያስገኛል። ነጭ ሦስት ሕይወት ይመልሳል። ሰማያዊ ሦስት ካርድ ይስብ ነበር። ወረቀት ላይ ሲያዩት እኩል ይመስላል። ግን ሦስት ካርድና ሦስት ሕይወት ምን አገናኛቸው? የሰማያዊው ካርድ አራተኛው እትም ውስጥ የለም፤ ቀድሞ ወጥቷል። የነጩን «ሂሊንግ ሳልቭ» ደግሞ ከሁለተኛው ወር በኋላ ከደካችን፣ ማለትም ከምንጫወትበት የካርድ ክምር አውጥተነዋል። ላይትኒንግ ቦልት ግን እስካሁን ያጣላናል።

ስለ ካርዱ ጥንካሬ ብዙ የሚባል የለም። መጀመሪያ ያለ ፕላስቲክ ሽፋን በወዝናቸው፣ በወሩ ነጩ ጠርዝ ጠቆረ። ሽፋን ካደረግንላቸው በኋላ ደህና ናቸው። አንዳንዱ ጽሑፍ ግን ያደናግራል። «ኢንተራፕት» የሚል የካርድ ዓይነት አለ፤ ይህ በ1999 ከሕጉ የወጣ ነገር ነው። እኛ እንደ «ኢንስታንት»፣ ማለትም በተጋጣሚ ተራም ሊወጣ እንደሚችል አስማት ቆጥረን እናልፈዋለን።

ረጅም ታሪክና ሚዛኑን የጠበቀ ውጊያ ለሚፈልግ አዲሶቹ እትሞች ይሻሉታል። እኔ ግን እነዚህን አልሸጥም። ትናንት ማታ ኩርፈኞቹ እንደገና ተገናኙ። እሱ 4 ላይ፣ እኔ 2 ላይ ነበርኩ። ተራው የእሱ ነበር።