የአያቴ ሾትጋን እና የአጎቴ ሾትጋን፦ የቱ ነው የተነካካው?

ሰሞኑን ሱሉልታ አጎቴ ጋ ሄጄ ሁለቱን የድሮ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ጎን ለጎን አጋድሜ አየኋቸው፣ ጥይት እንደሌላቸው መጀመሪያ አረጋግጠን ማለት ነው። ሁለቱም ቤልጅግ ናቸው፣ ኢ ኤል ጂ የሚለው የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ማህተም አላቸው፣ ዘውድም ስላለበት ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈተሹ ናቸው።

የአያቴ ጫፉ ጋ ሁለቱ ቱቦዎች ግጥም ብለው ተገናኝተዋል። የአጎቴ ግን መሃላቸው ክፍተት አለ፣ እሱንም እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረት ደፍነውታል፣ በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ምልክት አወጣ። ቱቦዎቹ መሃል ላይ ተራርቀው አፉ ጋ ነው የሚገናኙት፣ ስለዚህ እዛ ጋ ክፍተት ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጧል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ከውስጥ የሚጠበው ቾክም አብሮ ሄዷል፣ ቾክ አለመኖሩ ብቻውን ግን አያስፈርድም፣ ሲሰራም ቀጥ ያለ አለ።

ቀለሙን ካየን የአጎቴ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያደንቀው፣ ግን ብረቱ ላይ የተቀረጹትን ፊደሎች በጣትህ ስትዳስስ ጠርዛቸው ዶልዱሟል፣ ተሞርዶ እንደገና ተቀብቷል። የአያቴ ቀለሙ ለቋል ፊደሉ ግን ስል ነው።

እኔ የአያቴን ነው የምመርጠው፣ ሰደፉ ላይ ጉንጩ ያለሰለሰው ቦታ እስካሁን አለ፣ ማንም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው ብያለሁ።